የአቻምየለሽ ጋንና የኢንጂነሩ ባልዲ

አስፋልቱ ሞያሌ ሳይደርስ፣ በዚያ ዘመን፣ ከናይሮቢ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀለሙ አንድ ነበር። ባለሥልጣኑም ነጋዴውም፣ ሽማግሌውም ሙሽራውም ከአውቶቡስ ሲወርድ አመድ መስሎ ነው። ኢንጂነር ጆንም እንደ ሰዉ አመድ መስሎ ወረደ። ልዩነቱ በእጁ የያዘው ነጭ ባለ ክዳን ባልዲ ንጹሕ መሆኑ ነው። ባልዲውን በሦስት ፌስታል ጠቅልሎታል፤ ራሱን አልጠቀለለም።

«ሻንጣህስ?» አለችው ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ የምታከራየውን የጓሮ ክፍል በር ከፍታ ቆማ።

«ነገ ይመጣል፣ ማማ» አለ ጆን በስዋሂሊ። ባልዲውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስገባ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጥላው አስገባው።

«ምን አለበት?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

አቻምየለሽ በዚህ መልስ ላይ ብዙ አላሰበችም። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ፀሐይ ይበዛባቸዋል።

እሷ ራሷ ሞያሌ የገባችው በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጦሩ ሲበተን፣ ባሏን ተከትላ። ባሏን ሰው ሁሉ «ሃምሳ አለቃው» ይላቸው ነበር። ጦሩ ቢፈርስም ማዕረጉ አልፈረሰም። ድንበሩን በእግር ተሻገሩ። አብሯቸው ከተሻገረው ሰው ከፊሉ ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም ካርታ ዘርግተው ወደሚፈልጉት አገር ሄደ። እነርሱ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ሲጠይቋት «ጋኑ አይጫንማ» ትላለች። እውነቷን ነው። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያው ወር፣ ገና ቤት ሳይኖራቸው፣ ከገበያ አንድ ትልቅ ጋን ገዝተው በትከሻቸው ተሸክመው መጡና ከግራር ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ለጋኑ ዳስ ሠሩለት። ከዚያ ለራሳቸው ቤት ሠሩ።

ሃምሳ አለቃው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አቻምየለሽ ዛሬ የኬንያ መታወቂያ ያላት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት። ከኦዳ መንደር እስከ ኡራን መንደር ጉልበቱ ላይ የተቀደደ የተማሪ ሱሪ ሁሉ የእሷ የእጅ ሥራ ነው፤ የቀዳደዱት ግን ልጆቹ ናቸው። ጠላ አትሸጥም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ትጠምቃለች። በሁለቱም ሞያሌ፣ በወዲህኛው በኬንያውም በወዲያኛው በኢትዮጵያውም፣ «የአቻምየለሽ ጠላ» ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የጆን ሥራ መንገዱ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል መለካት ነው። ሰኞ ወደ ሥራ ካምፑ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። ለዕረፍት ናይሮቢ ደርሶ በመጣ ቁጥር ከሻንጣው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ይወጣሉ። ከትልቁ ፋብሪካ የሚወጣው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ቢራ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ በትንንሽ ቤት በትንንሽ ጋን የሚጠምቁ ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ ነው። እነዚህ ሰዎች «ሆፕ» የሚባል ከባሕር ማዶ የሚመጣ አበባ ያበዙበታል። የአበባው ሥራ ጌሾ ለጠላ የሚሠራው ነው፤ ያመርረዋል፣ መዓዛ ይሰጠዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል።

«ማማ፣ አንቺ ጠማቂ ነሽ» አላት በመጀመሪያው ቅዳሜ። «ምላስሽ ያስፈልገኛል።»

«ምላሴን ልሰጥህ አልችልም። ልቀምስልህ እችላለሁ።»

ከግራሩ ሥር ሁለት በርጩማ ወጣ። ጆን ቢራውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሣው፣ አዞረው፣ አፍንጫውን ከተተበት፣ ዓይኑን ጨፈነ። አቻምየለሽ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ጠበቀችና ከብርጭቆው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ያደገችበት ወግ ይኸው ነው፤ ቀጂ በመዳፉ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። ጆን ማስታወሻ ደብተር ከፍቶ እርሳሱን አሾለ።

«ምን ይሸትሻል?»

«እሱ።»

«ምኑ?»

«እርሳሱ። ተማሪ እርሳስ ሲቀርጽ የሚሸተው ይሸተኛል። እያሾልክ ነው ወይስ ቢራው ነው?»

ጆን እርሳሱን አስቀምጦ ቢራውን አሸተተ። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ ጻፈ።

ሁለተኛውን «የሎሚ ልጣጭ የታጠበበት ውሃ» አለችው። ሦስተኛውን ከቀመሰች በኋላ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሰው የሰጠህ ነው የገዛኸው?»

«ገዝቼው ነው።»

«እንግዲህ ልናገር። ድመት ያደረችበት ጆንያ ነው።»

ጆን ከበርጩማው ተነሣ። አቻምየለሽ የተቆጣ መሰላት። እሱ ግን ወደ ክፍሉ ገብቶ አንድ መጽሐፍ ይዞ ተመለሰና ገጽ ገልጦ አሳያት። አዋቂዎቹ የዚያን አበባ ጠባይ ሲዘረዝሩ ድመት ብለው ጽፈዋል። በደብተሩ ላይ «ድመት» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጆን ለአቻምየለሽ ያለው አክብሮት ጨመረ፤ አቻምየለሽ ለመጻሕፍት ያላት አክብሮት ትንሽ ቀነሰ።

ባልዲው ለምን እንደመጣ የታወቀው በወሩ ነው። ጆን በባልዲው ቢራ ሊጠምቅ የበቀለ ገብስ በጋዝ ምድጃ ላይ ቀቀለ። ወርቅ የሚመዘንበት በመሰለ ትንሽ ሚዛንም አበባውን መዘነ።

«ምን ያህል ነው?»

«ዐሥራ አምስት ግራም፣ ማማ።»

«ለማን ነው የምትጠምቀው? ለወፍ?»

«ብዙ ከተቀቀለ ይመርራል።»

«መጀመሪያ ማን ቀቅለው አለህ? ሾርባ ነው እንዴ የምትሠራው?»

የመጀመሪያው ጠመቃ በጠርሙስ ተሞልቶ ከአልጋው ሥር ተደረደረ። አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ጆን በሌለበት፣ ጠርሙሶቹ ተራ በተራ ይፈነዱ ጀመር። ሞያሌ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው መሬት ላይ ይተኛል። አቻምየለሽም ከስፌት መኪናዋ ሥር ተኛች። ሰባት ቆጠረች። ከዚያ ከበሩ ሥር አረፋ ሲወጣ አይታ ተነሣችና የቀረውን እጅጌ ሰፋች። ቅዳሜ ለጆን የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቢራህ ሄዷል» አለችው።

ጆን «ስኳር በዛ» ብሎ ጻፈ፣ ወለሉን አጠበ፣ እንደገና ጠመቀ። ሁለተኛው አልፈነዳም። ከባልዲው ግርጌ የቀረውን ነጭ ጭቃ ግን አልደፋውም። በማርማላታ ብርጭቆ ሞልቶ ከአቻምየለሽ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤዋ ጎን አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሾ ነው፣ ማማ። ሕያው ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆነኛል።»

«አተላ ነው። አተላ ለፍየል ነው የሚሰጠው። ሰው የፍየል ቀለብ ከቅቤ ጎን ያስተኛል?»

ወደ ታችኛው መደርደሪያ ወረደ። እዚያው ተረሳ።

አሁን ስለ ማኅበሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

ድንበሩን በተሻገሩበት ዓመት ዐሥራ ሁለት ሰዎች የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አቁመው ነበር። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አንዱ አባል ቤቱ ይደግሳል፤ የማኅበሩን የሸክላ ጽዋ ጠላ ሞልቶ ያቀርባል፤ ሲበቃ ጽዋውን ተረኛው ተቀብሎ ይዞ ይሄዳል። ዐሥራ ሁለቱ እየሄዱ፣ እየሞቱ ስድስት ቀሩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አቶ ገለታ ናቸው። በጦሩ ዘመን የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ሳይቆጥሩ አይፈርሙም። ሚስት ሳያገቡ የሸመገሉ፣ ሻይ እንኳ ከሰው እጅ የሚጠጡ ሰው ናቸው።

ዓምና ተራው የሁቃ ነበር። ሁቃ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሻጭ፣ ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ ትንሹና በወሬ ትልቁ ነው። ሚስቱ ልትወልድ ናይሮቢ ሄዳ ስለነበር ጽዋውን በብርቱካን ሶዳ ሞላው። ከማዶ ሊባርኩ የመጡት ቄስ ጽዋውን አዩ፣ ሁቃን አዩ፣ ጸሎቱን አሳጠሩ። አቻምየለሽ ግን አላሳጠረችም። «ሃያ ሦስት ዓመት ጽዋችን አንድ ቀን በጠርሙስ መክፈቻ ተከፍቶ አያውቅም ነበር» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቅዱስ ሚካኤል ዛሬ ልደት የተጠራ ሳይመስለው አይቀርም።»

ሁቃ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። አቶ ገለታ ያን ዕለት ተነሥተው ወሰኑ። «አንድ ዓመት በችግር ነው ይባላል። ሁለተኛ ዓመት ጠላ ከጠፋ ማኅበሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ጽዋው ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጥ፤ እኛም እንደ ማንኛውም ምእመን ከወዲያ ማዶ ሄደን እናስቀድስ።» የሚቀጥለው ተራ የአቻምየለሽ ነበርና ማንም አላሰበበትም። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ተራ የራሳቸው የአቶ ገለታ እንደሆነም ያን ጊዜ ያነሣ አልነበረም።

ጌሾ ለአቻምየለሽ የምታመጣላት ፎዚያ ናት። ፎዚያ በሁለቱም ሞያሌ የምትነግድ ሙስሊም ናት፤ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ጌሾ ከላይ አገር ታስጭናለች። በሕይወቷ ጠላ ቀምሳ አታውቅም፤ ጌሾ ግን አሽታ ብቻ የየትኛው አገር እንደሆነ ትናገራለች። «እኔ የምሸጠው ቅጠል ነው» ትላለች። «ከዚያ በኋላ ያለው በአንቺና በሚካኤል መካከል ነው።»

በዚያ ዓመት ሐጋያ የሚሉት የጥቅምት ዝናብ ከልክ አለፈ። ወደ ላይ ባለው መንገድ አንድ ድልድይ ተሰበረና የፎዚያ ጌሾ የተጫነበት መኪና ዐሥራ ሁለት ቀን ጭቃ ላይ ቆመ። ለኅዳር ሚካኤል ዐሥራ ስምንት ቀን ሲቀር ፎዚያ ጆንያውን በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል አስጭና መጣች። ፊቷ ግን ጌሾ ያመጣ ሰው ፊት አልነበረም። ጆንያውን ፈታ አሳየቻት። ቅጠሉ ግራጫ ጸጉር አብቅሏል።

«ወላሂ፣ አቻሜ፣ ይሄን ለጠላቴም አልሸጠው» አለች።

«ሌላስ?»

«ገበያውን ሁሉ አዳርሻለሁ። ያለው ሰው የለም። ቀጣዩ መኪና ድልድዩ ሲጠገን ነው። ከኅዳር አጋማሽ ወዲያ።»

አቻምየለሽ ጆንያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያሳሰባት ድግሱ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው ሊሞቱ ሲሉ ስለ ቤቱም ስለ ልብስ ስፌቱም አልተናገሩም፤ «ጽዋው እንዳይቋረጥ» ብቻ ነው ያሉት። ከሁቃ ምላስ ልታመልጥ አትችልም፤ እሱ ይሁን። ጽዋው ግን በእሷ ቤት፣ ሃምሳ አለቃው በተሸከሙት ጋን አጠገብ ሊዘጋ ነው።

«የዚያ የኢንጂነሩ አበባ» አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ ጆን ሲመጣ ጠየቀችው፤ የአበባውን ከረጢት አውጥቶ ሰጣት። ብርማ ወረቀት ነው፤ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል። አብራ የነበረችው ፎዚያ ቀድማ አሸተተችው፤ «የየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ግን ቅጠል ነው፣ ቅጠል ሐራም የለውም» ብላ መለሰችው። ጆን አበባውን የሚያስቀምጠው ናይሮቢ ላይ በታኅሣሥ ለሚደረግ የቤት ጠማቂዎች ውድድር ነበር። ይህን አልነገራትም፤ አቻምየለሽ ግን ከረጢቱን ሲሰጥ እጁ የዘገየውን አይታለች።

«ለሃያ ሊትር ሃምሳ ግራም ይበቃል፣ ማማ። አንድ ሰዓት ቀቅይው። ሁሉንም አትጨርሺ።»

«ሀያ» አለች።

ሀያ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው። በአቻምየለሽ አፍ ግን ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነበር።

ጆን ወደ ካምፑ በሄደ ማግስት ጋኑን በግራዋ አጠበች፣ በወይራ አጠነች። ከዚያ ግማሽ ኪሎውን አበባ በሙሉ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ወቀጠችው። ሙቀጫው አረንጓዴ ሆነ፣ ዘነዘናው ተጣበቀ፤ መንደሩ ሁሉ ትምህርት ቤት የተከፈተ ይመስል እርሳስ እርሳስ ሸተተ። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈችው። አልቀቀለችውም። ጌሾ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፤ በሚዛን የሚሰፈረው መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ቀን ብቅሉንና ቂጣውን ጨመረችና ጠበቀች።

ጥንስስ ሲያዝ ጋን ያወራል። ጆሮ ሲለጠፍበት ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ድምፅ ይሰማል። አቻምየለሽ ጆሮዋን ለጠፈች። ምንም የለም። በማግስቱ ጧትም ማታም ለጠፈች። ጋኑ ሃያ አራት ዓመት ሲያወራ ኖሮ ዛሬ ተቀይሟታል።

ቅዳሜ ጆን መጣና ከጋኑ አፍ ላይ አጎነበሰ። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

«ስንት ጨመርሽ?»

«ያለውን።»

«ሁሉንም?»

«ጌሾ ይቆጠባል እንዴ?»

«ቀቀልሽው?»

«ሾርባ አላደርግም ብዬሃለሁ።»

ጆን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ፖሌ፣ ማማ» አለ፤ ማዘኑን ሲናገር ነው። «አየሽ፣ ጌሾ ከቅጠሉ ላይ እርሾውን ይዞ ነው የሚመጣው። ይሄ አበባ በማሽን የደረቀ ነው፤ ምንም ይዞ አልመጣም። ጋኑንም አጥበሽ አጥነሽዋል። ሥራውን የሚጀምር የለም።»

ለበዓሉ ስምንት ቀን ቀርቷል። አቻምየለሽ የግራሩን ቅጠል ትቆጥር ይመስል ወደ ላይ አየች።

«ያ አተላህ» አለች።

«የቱ?»

«ከቅቤዬ ሥር ያለው።»

«ለፍየል አልሰጠሽውም?»

«ፍየል የለኝም።»

ጆን ሳይስቅ ሄዶ አመጣው። ይህን ውለታ አቻምየለሽ ከአበባው ይልቅ ታስበዋለች። ብርጭቆውን በገዛ እጇ ጋኑ ውስጥ ገለበጠችና አፉን በጨርቅ ሸፈነችው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን ሳታወርድ ጆሮዋን ለጠፈች። ጋኑ ታርቋት ያወራል። አሻሮውን ጨመረች፣ አፉን በጭቃ መረገችው።

የኅዳር ሚካኤል በዚያ ዓመት እሑድ ዋለ። ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጋኑን ከፍታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። እርሳስ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ከሩቅም ድመቷ። ምሬቱ እንደፈራችው አልነበረም፤ ከምላስ ጎን ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይናከስም። ጆንም ቀመሰ።

«ስላልቀቀልሽው ነው» አለ። «ሽታው ብቻ ወጣ፤ ምሬቱ አበባው ላይ ቀረ። ናይሮቢ እንዲህ ለማድረግ ስንት ይደክማሉ።»

«ቢጠይቁኝ እኮ በነገርኳቸው» አለች።

በማግስቱ አባላቱ መጡ። አቶ ገለታ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሁቃ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሁለት እኅትማማች፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ። ቄሱ ከማዶ በእግራቸው ተሻግረው መጡ። ጆን እንደ ቤት ልጅ በር አጠገብ ተቀመጠ። ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው ተባረከ። አቻምየለሽ ሰው ሁሉ እያየ በመዳፏ ቀመሰችና መቅዳት ጀመረች።

የመጀመሪያው ሁቃ ነበር። ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ቆም አለ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ፊቱ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የኖረ ደስታ ቀስ ብሎ ወጣ።

«እትዬ አቻምየለሽ» አለ። «ይሄ ነገር ብርቱካን ብርቱካን አይሸትም?»

ሁቃ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ዓምና ከቤቴ አንድ ሳጥን ሶዳ ጠፍቶ ነበር። ወይስ ሚካኤል ዘንድሮም ልደት ተጠርቶ ነው?»

እኅትማማቾቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ነርሷ ብርጭቆዋን አሽታ ወደ ጣሪያው አየች። አቶ ገለታ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ መጋዘን ሲቆጠር እንደሚያደርጉት።

«አቻምየለሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ልጠይቅ ነው። ብቅል አለው?»

«አለው።»

«አሻሮስ?»

«አለው፣ ጋሼ።»

«ጌሾ?»

መዳፏ ገና እርጥብ ነው። ከተባረከው ጽዋ አጠገብ ቆማ በመዳፏ ቀምሳ ስታበቃ የሚዋሽ አንደበት አልነበራትም።

«የለውም» አለች። ድልድዩን፣ የሻገተውን ጆንያ፣ የጆንን አበባ ተናገረች። ስለ ጌሾው የደበቀችው የለም፣ ያሳመረችውም የለም። ስትጨርስ ዐይኗ ጋኑ ላይ ነበር።

አቶ ገለታ ብርጭቆውን አንሥተው ጠጡ። ሰው ሁሉ ጠበቀ።

«ድገሚኝ» አሉ። «ገና አልወሰንኩም።»

ደገመቻቸው። ጠጡ። ጢማቸውን ጠረጉ።

«ድገሚኝ።»

«ጋሼ ገለታ፣ ፍርድ ነው ጥማት?» አለ ሁቃ።

«አንተ ዝም በል። የአንተ ጉዳይ ዓምና ተዘግቷል።»

ሦስተኛውን ሲጠጡ ግን ሁሉም አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ በግልጽ ያለ ማንም የለም። ተረኛው አቶ ገለታ ናቸው። «ጠላ አይደለም» ካሉ ጽዋው ይዘጋል፣ እሳቸውም ከጣጣው ይድናሉ። በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ጌሾ ሊወቅጡ አይደለም። ይህን አቻምየለሽም አስባዋለች። ሃምሳ አለቃው እንዲህ ባለ ጊዜ «መጋዘን ያዥን በሚወደው ነገር አትፈትኚው» ይሉ እንደነበር ታስታውሳለች።

አቶ ገለታ ተነሡ። «ጋኑን ልየው» አሉ።

ጭልፋ ተቀብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጋኑ ውስጥ ከተቱ፣ ከግርጌው ጨልፈው አወጡ። ወፍራም፣ ነጣ ያለ አተላ። ወደ መስኮቱ አቅርበው ተመለከቱት።

«ኢንጂነር» አሉ በስዋሂሊ። «የፋብሪካ ቢራ ከታቹ እንዲህ ያለ ነገር አለው?»

«የለውም፣ ባባ። አጣርተው ነው የሚያወጡት።»

«ሁቃ፣ ሶዳህስ?»

«ኧረ የለውም፣ ጋሼ።»

«ይሄ አለው።» ጭልፋውን መለሱ። «አተላ ያለው ነገር ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ጠብቆ የጠመቀው ነው። ጌሾው ጠፋ፤ ችግር ነው። ግን ጠላ ነው። በመጋዘኑ ደብተር ብጽፈው 'ጠላ፣ አንድ ጋን' ብዬ ነው። ጽዋው አይዘጋም።»

ጆን አፉን ከፈተ። አተላው የማን እንደነበር ሊናገር ነው፤ የኢንጂነር ልብ ትክክል ያልሆነ ቁጥር አይቶ ዝም አይልም።

«ጆን» አለች አቻምየለሽ፣ መርፌ ሊወጋው የተቃረበ ሰው እንደምታይ አይታው። «ዳቦ ብላ።»

ጆን ዳቦ በላ። ስለ አተላው ማንም አልጠየቃትም፤ ሳይጠየቁ መናገር ደግሞ የጠማቂ ወግ አይደለም።

ሁቃ ብርጭቆውን ጨረሰ። ሁለተኛም አስቀዳ። «እትዬ፣ እውነት ለመናገር» አለ ዝግ ብሎ፣ «ከሶዳዬ ይሻላል።» «ከሶዳህማ የዝናብ ውሃም ይሻላል» አለችው፤ ሕፃኑን ግን ከሚስቱ ተቀብላ እስኪመሽ አቀፈችው። ቄሱ ሲሄዱ አንድ ጠርሙስ አስሞልተው ሄዱ። ጽዋው ለአቶ ገለታ ሲሰጣቸው ካፖርታቸውን ቆልፈው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

በዚያ ማታ ጆን ደብተሩን ከፍቶ ቀኑን ጻፈ፣ «የማማ ጠላ» ብሎ ጻፈ። ከቀለም፣ ከአረፋ፣ ከሽታና ከምሬት ፊት ያለውን ቦታ ግን ባዶ ተወው። ናይሮቢ ውድድሩ ላይ የሚልከው ነገር አልነበረውም፤ የላከውም ነገር የለም።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሁለቱ በርጩማዎች ከግራሩ ሥር እንደወጡ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። አቶ ገለታ ናቸው። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው ከሁቃ ሱቅ የተገዛ ነጭ ባለ ክዳን ባልዲ አለ፤ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሏል።

«ምን አለበት፣ ጋሼ?» አለች አቻምየለሽ።

«ምንም። ባዶ ነው።» ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ዓመት ረጅም ነው ብዬ አልዘናጋም። እናንተ ጀማሪ ሰው ከምን ይጀምራል ትላላችሁ?»

ጆን አቻምየለሽን አየ። አቻምየለሽ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ከታችኛው መደርደሪያ ከበዓሉ ጠላ አተላ የሞላችውን አዲሱን የማርማላታ ብርጭቆ አነሣች። ከአቶ ገለታ ፊት ከማስቀመጧ በፊት ክዳኑን ከፍታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰችው።